አክሊሉ ሀብተወልድ፡ ለባሕር መንገድ ሰላም የተሟገቱ የአገር ሰው

ጥር 21 ቀን 2001 ዓ.ም በጅቡቲ ከተማ ዘጠኝ አገሮች አንድ ሰነድ ፈረሙ። በምዕራብ ህንድ ውቅያኖስና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በንግድ መርከቦች ላይ የሚፈጸመውን የባሕር ላይ ውንብድና ለመግታት የወጣው ይህ የሥነ ምግባር ደንብ፣ ፈራሚዎቹ መረጃ እንዲለዋወጡ፣ ወንበዴዎችን ይዘው ለፍርድ እንዲያቀርቡ፣ የታገቱ መርከቦችንና መርከበኞችን በመታደግ እንዲተባበሩ የሚጠይቅ ነበር። ከዘጠኙ ፈራሚዎች መካከል የባሕር ጠረፍ ያልነበራት ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። የባሕር ኃይሏም ከተበተነ 13 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

ባሕር የሌላት አገር በባሕር ወንበዴ ጉዳይ ምን አገባት የሚል ጥያቄ ቢነሳ መልሱ ሩቅ አይደለም። ቡናዋ የሚወጣው፣ ነዳጇና ማዳበሪያዋ የሚገባው በዚያው ውኃ ላይ ነው። ነገር ግን ሌላም ምክንያት አለ። ኢትዮጵያ የንግድ መርከቦች ሰላም በአንድ አገር ጉልበት ብቻ የሚጠበቅ ሳይሆን በብዙ አገሮች የጋራ ስምምነት የሚጸና ነው የሚለውን አቋም በዓለም መድረክ ማሰማት የጀመረችው ከጅቡቲው ፊርማ ከ50 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። በዚያን ጊዜ ይህንኑ አቋም ይዘው ወደ ለንደንና ወደ ካይሮ የተጓዙት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተወልድ ነበሩ።

የአክሊሉን የሕይወት ታሪክ ከስድስት ኪሎ መጀመር ይበጃል። የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እንደነበር ይታወቃል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው በዚሁ ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በፋሽስት ወታደሮች ለተጨፈጨፉት የከተማዋ ነዋሪዎች የቆመው ሐውልት ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት በአደባባዩ መካከል ይታያል። በዚያ የሚያልፈው ሠራተኛና ተማሪ ሐውልቱን በየቀኑ ይመለከተዋል። ይሁን እንጂ የግራዚያኒ ጦር እስከዚህ ድረስ የመጣው በየትኛው መንገድ እንደነበር የሚያስታውስ ብዙ ሰው ያለ አይመስልም። ጦሩ፣ መድፉና የመርዝ ጋዙ የመጡት በስዊዝ ቦይ በኩል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1888 በቁስጥንጥንያ የተፈረመው ውል የስዊዝ ቦይ በሰላምም ሆነ በጦርነት ጊዜ ለማንኛውም አገር መርከብ ያለ አድልዎ ክፍት እንዲሆን ይደነግጋል። ውሉ ንግድን ለመጠበቅ የታሰበ ነበር። በ1928 ዓ.ም ግን የሙሶሊኒ የጦር ጭነት በዚሁ ክፍት በር አለፈ፤ ቦዩን ያስተዳድር የነበረው ኩባንያም የመተላለፊያ ክፍያውን ተቀበለ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ቢጥልም ቦዩ አልተዘጋም፣ ነዳጅም አልተከለከለም። በዚያን ወቅት አክሊሉ በፓሪስ የነበሩ ገና በ20ዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ወጣት ነበሩ። ዓለም አቀፍ ውል በወረቀት ላይ መስፈሩ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያድን፣ የፈረሙት ሁሉ በጋራ ካላስከበሩት ምን እንደሚከተል የተማሩት ከሕግ መጻሕፍት አስቀድሞ በአገራቸው ላይ በደረሰው ነገር ነው ማለት ይቻላል።

አክሊሉ የተወለዱት በ1904 ዓ.ም ነው። አባታቸው አለቃ ሀብተወልድ ከቡልጋ የመጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው መኮንን ሀብተወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን በመመሥረታቸው በፒያሳ አካባቢ ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሳል፤ ሌላው ወንድማቸው አካለወርቅም ለሚኒስትርነት የበቁ ሰው ናቸው። አክሊሉ በግብፅ አገር በእስክንድርያ ከሚገኘው የፈረንሳይ ሊሴ ትምህርታቸውን ተከታትለው ወደ ፓሪስ ተሻገሩና በሶርቦን ሕግ ተማሩ። ወረራው ሲመጣ በፓሪስ የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ውስጥ አገራቸውን ማገልገል ጀመሩ። ከነጻነት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በጽሕፈትና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ ላይ ተመደቡ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመናቸው በድርድር የተሞላ ነው። በ1937 ዓ.ም መጀመሪያ አካባቢ ከእንግሊዝ ጋር ለተፈረመው አዲስ ስምምነት በተደረገው ድርድር ተሳትፈዋል። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር ሲፈረም ከኢትዮጵያ ልዑካን አንዱ ነበሩ። ቀጥሎ በፓሪስ የሰላም ጉባኤ አገራቸውን ወክለው ተከራክረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው ውልም ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ደነገገ። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ዋናው ጉዳያቸው የባሕር በር ነበር። ሊቢያ፣ ሶማሊያና ኤርትራ ምን ይሁኑ የሚለው ጥያቄ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ሲንከባለል፣ አክሊሉ ከአሜሪካዊው የሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰር ጋር ሆነው ለዓመታት ተከታተሉት። በመጨረሻም ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተአቅቦ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር እንድትተሳሰር ወሰነ። ፌዴሬሽኑ በመስከረም 1945 ዓ.ም ሥራ ላይ ሲውል ምጽዋና አሰብ የኢትዮጵያ ወደቦች ሆኑ።

ወደብ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ከወደቡ የተነሳች መርከብ በሰላም ገበያ መድረሷ ሌላ ነገር ነው። በ1947 ዓ.ም የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በምጽዋ ተቋቋመ፤ ለማሠልጠኑም የኖርዌይ መኮንኖች ተጋበዙ። ይሁንና ቀይ ባሕር ሁለት በር ያለው ጠባብ ውኃ ነው። በሰሜን ስዊዝ፣ በደቡብ ባብ ኤል ማንደብ አሉ። ሁለቱም በሮች በኢትዮጵያ እጅ አልነበሩም። የኢትዮጵያ ቡና ወደ አውሮፓ የሚሄደው በሰሜኑ በር በኩል በመሆኑ፣ በዚያ የሚነሳ ማንኛውም ሁከት በቀጥታ የኢትዮጵያን ንግድ የሚነካ ነበር።

ሁከቱም ብዙ አልቆየም። ሐምሌ 19 ቀን 1948 ዓ.ም የግብፅ ፕሬዚዳንት ጋማል አብደል ናስር የስዊዝ ቦይ ኩባንያን ወረሱ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ለጦርነት መዘጋጀት ጀመሩ። ነሐሴ 10 ቀን የቦዩ ተጠቃሚ የሆኑ 22 አገሮች በለንደን ጉባኤ ተቀመጡ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ስትሆን ልዑኳን የመሩት አክሊሉ ነበሩ።

የአክሊሉ ቦታ ቀላል አልነበረም። በአንድ በኩል ኢትዮጵያ የቦዩ ነጻ መተላለፊያነት እንዲረጋገጥላት የምትፈልግ አገር ናት። በሌላ በኩል ደግሞ የአፍሪካ አገር ናት፤ የራሷ ሉዓላዊነት ከ20 ዓመት በፊት በኃያላን ቸልታ የተረገጠባት በመሆኑ የግብፅን ሉዓላዊነት የሚጋፋ ነገር ላይ በቀላሉ እጇን ማስገባት አትችልም። ከግብፅ ጋር ደግሞ ዓባይ ያገናኛታል፣ የእስክንድርያ መንበርም ያገናኛታል። ግብፅን የሚያስቀይም አንድ ቃል ብዙ ዋጋ ሊያስከፍል ይችል ነበር። አክሊሉ ራሳቸው በእስክንድርያ የተማሩ በመሆናቸው አገሩን ከሩቅ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም።

በጉባኤው ላይ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ፎስተር ደለስ ቦዩን ዓለም አቀፍ ቦርድ እንዲያስተዳድረው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ኢትዮጵያ፣ ኢራን፣ ፓኪስታንና ቱርክ ይህን እንዳለ አልተቀበሉትም። የግብፅን ሉዓላዊ መብት በግልጽ የሚያከብር ማሻሻያ ገብቶበት፣ አራቱ አገሮች ከአሜሪካ ጋር በመሆን በጋራ አቀረቡት፤ 18 አገሮችም ደገፉት። ይህ በዲፕሎማሲ ቋንቋ ትንሽ የቃላት ለውጥ ሊመስል ይችላል። ለአነስተኛ አገሮች ግን ልዩነቱ ትልቅ ነበር። የመጀመሪያው ረቂቅ የኃያላን ፍላጎት ነበር፤ የተሻሻለው ግን የባለቤቱን አገር መብትና የተጠቃሚዎችን ደህንነት ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰነድ ሆነ።

ሐሳቡን ለናስር እንዲያደርሱና እንዲያስረዱ አምስት አገሮች ተመረጡ። እነርሱም አውስትራሊያ፣ ኢትዮጵያ፣ ኢራን፣ ስዊድንና አሜሪካ ሲሆኑ፣ ሰብሳቢው የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ሜንዚስ ነበሩ። ከአምስቱ አገሮች አፍሪካዊቷ ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። ኮሚቴው ካይሮ የገባው አዲሱ ዓመት 1949 ሊብት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ውይይቱ ለአንድ ሳምንት ያህል ቀጠለ። ናስር ግን ዓለም አቀፍ ቦርድ የሚባለው ነገር በሌላ ስም የመጣ የቅኝ አገዛዝ መልክ ነው ብለው በማመናቸው አልተቀበሉትም። ከመድረኩ ውጭ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር በሜዲትራንያን እየተከማቸ በነበረበት ሁኔታ ሌላ መልስ መጠበቅም የዋህነት ይሆን ነበር። ኮሚቴው ባዶ እጁን ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ይታወቃል። በጥቅምት 1949 ዓ.ም እስራኤል፣ ቀጥሎም እንግሊዝና ፈረንሳይ ግብፅን ወጉ። ቦዩ በሰመጡ መርከቦች ተዘጋ፤ ንግድ ቆመ። በመጨረሻ ቦዩን ያስከፈተው የጦር ኃይል አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰላም አስከባሪ ኃይል አሰማርቶ፣ ቦዩን የሚያጸዱ መርከቦችን አሰባስቦ፣ በ1949 ዓ.ም አጋማሽ መንገዱን ዳግም ክፍት አደረገ። ግብፅም የ1888ቱን ውል እንደምታከብር አስታወቀች፤ ቦዩንም ራሷ በሚገባ አስተዳደረችው። በዚህ በኩል ሲታይ የሜንዚስ ኮሚቴ ይዞት የሄደው የቦርድ ሐሳብ አላስፈለገም ማለት ይቻላል። ነገር ግን አክሊሉ በለንደን የቆሙለት መሠረተ ሐሳብ፣ ማለትም የባለቤቱ ሉዓላዊነት ተከብሮ የሁሉም መርከብ ያለ አድልዎ ማለፍ የሚለው፣ የጸጥታው ምክር ቤት በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ባጸደቃቸው ስድስት ነጥቦች ውስጥ ተካትቶ ይገኛል።

ከአራት ዓመት በኋላ ታሪኩ እንደገና ወደ ስድስት ኪሎ ይመልሰናል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም በተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የታገቱት ሚኒስትሮችና መኳንንት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ተይዘው ነበር። ሙከራው ሲከሽፍ በብዙዎቹ ላይ ተተኮሰባቸው። ከሞቱት አንዱ የአክሊሉ ታላቅ ወንድም መኮንን ሀብተወልድ ነበሩ። አክሊሉ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው በውጭ አገር ጉብኝት ላይ በመሆናቸው ከሞት ተረፉ። በሚቀጥለው ዓመት ቤተ መንግሥቱ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ወንድማቸው የሞቱበት ግቢ የተማሪ መዋያ ሲሆን አክሊሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በ1956 ዓ.ም በዩኒቨርሲቲው የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ፤ በ1952 ዓ.ም ከወጡት የአገሪቱ ሕጎች መካከልም የባሕር ሕግ ይገኝበታል። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ የተቋቋመውም በዚያው በ1956 ዓ.ም ነበር።

በአክሊሉ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ዘመን ላይ ከሚነሱት ጉዳዮች ከባዱ የፌዴሬሽኑ መፍረስ ነው። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም ፌዴሬሽኑ ቀርቶ ኤርትራ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ግዛት እንድትሆን ተደረገ። በብዙ ዓመት ድርድር፣ በዓለም ጉባኤ ድምፅ የተገኘው ውል እንዲህ በአጭሩ ሲዘጋ መንግሥቱን በጠቅላይ ሚኒስትርነት ይመሩ የነበሩት ያንኑ ውል ያስገኙት ሰው ናቸው። የመጨረሻው ውሳኔ የንጉሠ ነገሥቱ እንደነበር ግልጽ ነው፤ ሆኖም አክሊሉ ከኃላፊነት ነጻ ናቸው ማለት አይቻልም። ናስርን ውል እንዲያከብሩ ለመጠየቅ ካይሮ የሄዱ ሰው፣ በራሳቸው ቤት የነበረው ውል ሲፈርስ በሥልጣን ላይ ቆዩ። ከዚያ የተከተለው ጦርነት 30 ዓመት ፈጅቶ የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት የቀጠፈ ሲሆን፣ ፍጻሜውም የባሕር በሩን ማጣት ሆነ።

የቀይ ባሕር ሁለት በሮችም አርፈው አልተቀመጡም። በ1959 ዓ.ም በተነሳው የአረብና የእስራኤል ጦርነት የስዊዝ ቦይ ተዘጋና ለስምንት ዓመት ተዘግቶ ቆየ። ምጽዋና አሰብ በአንድ በኩል ብቻ በሚከፈት ውኃ ዳር ቀሩ፤ ወደ አውሮፓ የሚጓዝ ጭነት ደቡብ አፍሪካን መዞር ግድ ሆነበት። ሰኔ 4 ቀን 1963 ዓ.ም ደግሞ በባብ ኤል ማንደብ አዲስ ነገር ታየ። በፈጣን ጀልባ የተጫኑ ጥቂት የፍልስጥኤም ታጣቂዎች ኮራል ሲ የተባለችውን የላይቤሪያን ባንዲራ የምታውለበልብ ነዳጅ ጫኝ መርከብ በሮኬት መቱ። መርከቧ ተቃጥላ አልቀረችም፤ ወደ ኢላት ወደብ መድረስ ችላለች። ድርጊቱ የተፈጸመው ግን ከአሰብ ብዙ በማይርቅ ቦታ ነው። ዓላማው ፖለቲካዊ በመሆኑ በሕግ ትርጉሙ የባሕር ውንብድና ላይባል ይችላል፤ ዘዴው ግን ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ዓለምን ካስጨነቀው ጋር አንድ ነበር፤ ትንሽ ጀልባ፣ ጥቂት ሰው፣ አንድ ግዙፍ መርከብ። በ1966 ዓ.ም መጀመሪያ በተደረገው ጦርነት ደግሞ የባብ ኤል ማንደብ መተላለፊያ በግብፅ የጦር መርከቦች ታገደ።

በዚያው ዓመት የካቲት ወር አክሊሉ ሥልጣን ለቀቁ። የታክሲ ነጂዎች፣ የመምህራንና የወታደሮች እንቅስቃሴ አገሪቱን ሲያናውጥ ከ12 ዓመት በላይ የቆየው ካቢኔያቸው ከነሙሉ አባላቱ ወረደ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ታሰሩ። በእስር ሳሉ የጻፉት ማስታወሻ ከብዙ ዓመታት በኋላ ታትሞ ለንባብ በቅቷል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ሌሊት ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው 60 ገደማ ሰዎች አንዱ ሆኑ። የባሕር ኃይሉ አዛዥ የነበሩት ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታም በዚያው ሌሊት ተገደሉ። አጽማቸው ተነስቶ በክብር ያረፈው ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ነው፤ ቦታውም ከስድስት ኪሎ ቁልቁል ሲወርዱ በሚገኘው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው።

በ1982 ዓ.ም ምጽዋ፣ በ1983 ዓ.ም ደግሞ አሰብ ከኢትዮጵያ እጅ ወጡ፤ የባሕር ኃይሉ መርከቦችም የቻሉት ወደ ጎረቤት አገሮች ሸሹ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ሆነች፤ የባሕር ኃይሉም በ1988 ዓ.ም ፈጽሞ ፈረሰ። የንግድ መርከቦቿ ግን በውጭ አገር ወደቦች እየተመላለሱ ሥራቸውን ቀጠሉ። መንግሥት አልባ በሆነችው ሶማሊያ ጠረፍ ወንበዴዎች በበረከቱ ጊዜ ወደ ጅቡቲ የሚያልፉት እነዚሁ መርከቦች የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ማቋረጥ ነበረባቸው። የጸጥታው ምክር ቤት በግንቦት 2000 ዓ.ም ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 1816፣ የሶማሊያ የሽግግር መንግሥት በመስማማቱ፣ የሌሎች አገሮች የጦር መርከቦች ወንበዴዎችን ለማሳደድ ወደ ሶማሊያ የባሕር ክልል እንዲገቡ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት፣ የኔቶ፣ የቻይና፣ የህንድና የሌሎችም መርከቦች በየተራ ንግድን ማጀብ ጀመሩ። የጅቡቲው ደንብ የወጣው ከዚያ በስምንት ወር ውስጥ ነው። መረጃ የሚያቀባብሉ ማዕከሎች በሰነዓ፣ በሞምባሳና በዳሬሰላም፣ የሥልጠና ማዕከል ደግሞ በጅቡቲ እንዲኖሩ አደረገ።

ደንቡ በጥር 2009 ዓ.ም በጂዳ ሲሻሻል በሰው መነገድንና ሕገ ወጥ ዓሣ ማስገርን እንዲጨምር ተደርጓል፤ ኢትዮጵያም ፈርማለች። በሶማሊያ ጠረፍ የሚፈጸመው ጠለፋ በጥምር ጥበቃው ምክንያት ከ2004 ዓ.ም ወዲህ በእጅጉ ቀንሶ ነበር። በኅዳር 2016 ዓ.ም ግን በየመን የሁቲ ታጣቂዎች ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን የጭነት መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ያዙ፤ በሌሎች የንግድ መርከቦች ላይም ሚሳይልና ሰው አልባ አውሮፕላን መተኮስ ቀጠሉ። የሶማሊያ ወንበዴዎችም በዚያው ሰሞን እንደገና ብቅ አሉ። በዚህም ምክንያት ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች በባብ ኤል ማንደብና በስዊዝ ማለፉን ትተው፣ በአክሊሉ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ዘመን ቦዩ ተዘግቶ ሳለ ያደርጉት እንደነበረው፣ መርከቦቻቸውን በደቡብ አፍሪካ በኩል ማዞር ጀመሩ።